ስለ ድሮ ሎጂክ አናላይዘርና ስለ አሮጌ የማይክሮፕሮሰሰር ቦርዶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ አዳማ ተማሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ።

ሎጂክ አናላይዘር ምንድን ነው? ኦሲሎስኮፕ ካለኝ ምን ይጨምርልኛል?

ኦሲሎስኮፕ የቮልቴጁን ቅርጽ ያሳያል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም አራት መስመር ብቻ ነው የሚይዘው። ሎጂክ አናላይዘር ቅርጹን ይተወዋል። ሽቦው ላይ ያለው 0 ነው ወይስ 1፣ ይህንን ብቻ ይመዘግባል። በምትኩ 32፣ 68 ወይም 80 ሽቦ በአንድ ጊዜ ያያል።

ማይክሮፕሮሰሰር ላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ይሄው ነው። ዜድ80 የተባለው የድሮ 8 ቢት ፕሮሰሰር ከሮም (ቋሚ ፕሮግራሙ ከተቀመጠበት ሚሞሪ) አንድ ባይት ለማንበብ 16 የአድራሻ መስመር፣ 8 የዳታ መስመርና ጥቂት የመቆጣጠሪያ መስመሮችን አንድ ላይ ያንቀሳቅሳል። ይህን በሁለት ቻናል ስኮፕ መከታተል፣ ሠላሳ ሰው ከተሰበሰበበት ዕድር የሁለቱን ድምፅ ብቻ ሰምቶ ውሳኔውን ለማወቅ እንደመሞከር ነው። ስኮፑን ግን አትጣሉት። የደከመ ሲግናል፣ የተንቀጠቀጠ ክሎክ (የሥራውን ምት የሚመታው ሲግናል)፣ የወረደ 5 ቮልት በአናላይዘር አይታይም።

በርካሽ የምትሸጠው ትንሿ የዩኤስቢ አናላይዘር አትበቃም?

ለብዙ ሥራ ትበቃለች። በሁለት ወይም በአራት ሽቦ የሚነጋገሩ ቺፖችን ለመፈተሽ እኔም እሷን ነው የማነሳው። ተማሪ ከሆናችሁና አንድ ነገር ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ እሷን ግዙ። ከነፃው ፐልስቪው ፕሮግራም ጋር ብዙ ታስተምራለች።

ችግሩ የሚመጣው የአሮጌ ፕሮሰሰር ባስ (የአድራሻ፣ የዳታና የመቆጣጠሪያ ሽቦዎቹ ስብስብ) ላይ ስትደርሱ ነው። ርካሿ 8 ቻናል ነው ያላት። ፐልስቪው የዜድ80ን ትዕዛዝ ተርጉሞ እንዲያሳያችሁ 8ቱን ዳታ፣ ኤም1ን (ትዕዛዝ እየተነበበ መሆኑን የሚያሳውቀውን መስመር)፣ ሪድን (የማንበቢያውን) እና ራይትን (የመጻፊያውን) ይፈልጋል። ይህ ብቻ 11 ነው። አድራሻውን ስትጨምሩበት 27 ይሆናል። የድሮዎቹ አናላይዘሮች የተሠሩት በትክክል ለዚህ ነው። ኤችፒ የመጀመሪያዎቹን ሎጂክ አናላይዘሮች ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ገደማ ነው። ዜድ80 የወጣው በ1976 ነው። አብረው ያደጉ ናቸው ማለት ይቻላል።

የትኛውን ሞዴል ልፈልግ? ስገዛስ ምን ልይ?

እኔ የምሠራበት ኤችፒ 1650 ነው። 80 ቻናል አለው። በአምስት ኬብል የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ኬብል 16 ዳታና 1 ክሎክ ይይዛል። ታናሹ 1651 ደግሞ 32 ቻናል አለው። ለ8 ቢት ፕሮሰሰር እሱም ይበቃል፤ 16 አድራሻ፣ 8 ዳታ፣ 8 መቆጣጠሪያ። ኋላ የመጣው 1662 ባለ 68 ቻናል ነው። ከቴክትሮኒክስ በኩል 1240ን ካገኛችሁ አትለፉት። ማኑዋል ስትፈልጉ በሦስት ስም ፈልጉ። የኤችፒ የመለኪያ ክፍል በ1999 አጂለንት፣ በ2014 ኪሳይት ተብሏል።

ከሁሉ በፊት ፕሮቦቹን ቁጠሩ። ያለ ፕሮብ የሚሸጥ አናላይዘር ባዶ ሣጥን ነው። ኬብሉ፣ ጫፉ ላይ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎችና የቺፑን እግር የሚነክሱት መያዣዎች ለየብቻ ሲፈለጉ ከማሽኑ በላይ ያስወጣሉ። ቀጥሎ የማስነሻ ዲስኩን ጠይቁ። 1650 ሥራውን የሚጀምረው ከ3.5 ኢንች ፍሎፒ ነው። ዲስኩ ከጠፋ ወይም ከተበላሸ ስክሪኑ በርቶ እዚያው ይቀራል። የዲስኩ አጻጻፍ ከዊንዶውስ የተለየ ስለሆነ ፋይል ኮፒ በማድረግ አይሆንም። ሙሉው የዲስክ ምስል ነው የሚጻፈው።

የት ይገኛል ለሚለው፣ የተቋማት ጨረታ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። መርካቶ ምናለሽ ተራም በፈጣን መንገዱ ደርሶ መልስ የሚያስኬድ ነው። እዚያ ያላችሁ ትዕግሥት ነው ወሳኙ።

ለዓመታት መጋዘን የተቀመጠ አናላይዘር አምጥቼ ልሰካው?

አይሆንም። መጀመሪያ ከኋላ ያለውን የቮልቴጅ መምረጫ እዩ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ሊሆን ይችላል። የእኛ 220 ቮልት ሲገባበት አንድ ሰከንድ አይቆይም። ወደ 230 አዙሩት፤ ፊውዙም ለዚያ የተጻፈው መጠን መሆኑን አረጋግጡ።

ቀጥሎ መብራቱ የሚገባበት ላይ ያለውን ካፓሲተር ፈልጉ። ቡናማ ቢጫ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ያለውና ሪፋ የሚባለው ከሆነ ገላውን አስተውሉ። ዕድሜው ከገፋ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ እርጥበት ይገባል። ስትሰኩት ይፈነዳል፣ ቤቱን በሚከረፋ ጭስ ይሞላዋል። የተሰነጠቀ ባይመስልም እኔ ሁልጊዜ እቀይረዋለሁ። የምትተኩበት ካፓሲተር ኤክስ2 የሚል ምልክት ሊኖረው ይገባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ በተከታታይ አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል አስገቡበት። የድሮው፣ ሽቦው የሚግለው አምፖል ነው፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፣ ማሽኑ ይተርፋል። እና እባካችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ስትሠሩ ብቻችሁን አትሁኑ። የፓወር ሰፕላዩ ትልልቅ ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም 300 ቮልት አካባቢ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስክሪኑ ጋ ያለው ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።

አቧራውም የእኛ ከተማ ጉዳይ ነው። ተራራው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ያው ነፋስ ደቃቅ አፈር በየቀዳዳው ያስገባል። ካርዶቹን አውጡ፣ በብሩሽ ጥረጉ፣ የመገናኛ ጥርሶቹን በንጹሕ አልኮል አብሱ። ላጲስ የምትጠቀሙ ከሆነ በስሱ ይሁን፤ የወርቁ ቅብ ቀጭን ነው።

አናላይዘሩን ከመሰካቴ በፊት ቦርዱ ላይ ምን ልፈትሽ?

አምስት ነገር፣ አምስት ደቂቃ። ዜድ80 ከሆነ ፕላስ 5 ቮልቱ 11ኛው እግር ላይ ነው፣ ግራውንዱ 29ኛው ላይ። በሁለቱ መካከል ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መኖር አለበት። የለካችሁት ቺፑ እግር ላይ ይሁን እንጂ ፓወር ሰፕላዩ ላይ አይሁን። ከዚያ 6ኛው እግር ላይ ክሎክ መኖሩን በስኮፕ እዩ። 26ኛው ሪሴት ነው፤ ቦርዱ ከበራ በኋላ ወደ ላይ ወጥቶ መቆየት አለበት። 24ኛውና 25ኛው ወደ ታች ተጎትተው ከሆነ ፕሮሰሰሩ «ጠብቅ» ወይም «ባሱን ልቀቅ» ተብሎ ቆሟል ማለት ነው። እሱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ሌላው፣ ፕሮግራሙ ያለበትን ኢፕሮም (በብርሃን የሚጠፋ፣ ባለ መስኮት የሮም ቺፕ) በፕሮግራመር አንብባችሁ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አትላጡ። የአሮጌ ማሽን ፕሮግራም ከጠፋ የሠራው ድርጅት እንኳ ላይኖረው ይችላል። ቺፑን መተካት ይቻላል፤ ውስጡ የነበረውን ግን ከየት ታመጡታላችሁ?

ዜድ80 ላይ የትኛው ሽቦ የት ይሰካል?

አድራሻው ቀላል ነው። ኤ0 ከ30ኛው እግር ይጀምርና ኤ10 40ኛው ላይ ይደርሳል፤ ኤ11 ወደ 1ኛው ዞሮ ኤ15 5ኛው ላይ ያልቃል። ሰው የሚሳሳተው ዳታው ላይ ነው። በተራ የተደረደረ ይመስለዋል። አይደለም። ከዲ0 እስከ ዲ7 ያሉት እግሮች በቅደም ተከተል 14፣ 15፣ 12፣ 8፣ 7፣ 9፣ 10፣ 13 ናቸው። ይህንን ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ለጥፌዋለሁ። ሁለት የዳታ ሽቦ ከተቀያየረባችሁ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሁሉ ውሸት ነው፤ ጤነኛውን ቦርድ ታማሚ ታደርጉታላችሁ።

ከመቆጣጠሪያው ኤም1 27፣ የሚሞሪ ጥያቄ 19፣ የግብዓትና ውጤት ጥያቄ 20፣ ሪድ 21፣ ራይት 22 ናቸው። ሪድን የአንዱ ኬብል ክሎክ ላይ፣ ራይትን የሌላው ኬብል ክሎክ ላይ አድርጉ። ኤም1ን ከዳታዎቹ ጋር አስገቡት፤ የተነበበው ባይት ትዕዛዝ መሆን አለመሆኑን የሚነግራችሁ እሱ ነው። የሎጂክ ወሰኑን፣ ማለትም 0ንና 1ን የሚለየውን ቮልቴጅ፣ ሜኑው ላይ ቲቲኤል የሚለው ላይ አድርጉ።

ታይሚንግና ስቴት የሚባሉት ምን ልዩነት አላቸው?

በታይሚንግ አናላይዘሩ በራሱ ሰዓት ነው ናሙና የሚወስደው። በስቴት ደግሞ ቦርዱ «አሁን ውሰድ» ሲለው ብቻ ይወስዳል። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። 1650 በቻናል 1,024 ናሙና ብቻ ነው የሚይዘው። በየ10 ናኖሰከንዱ ከወሰደ ሚሞሪው በ10 ማይክሮሰከንድ ይሞላል። ባለ 4 ሜጋኸርዝ ዜድ80 በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢበዛ አሥር ያህል አጫጭር ትዕዛዞችን ነው የሚሠራው። በስቴት ግን እነዚያው 1,024 ቦታዎች 1,024 ንባብና ጽሑፍ ይይዛሉ። ፕሮግራሙን ለመከተል ስቴት፣ የአንድን ሲግናል መዘግየት ለማየት ታይሚንግ ተጠቀሙ።

ትሪገሩን ምን ላይ ላድርግ? ከዚያስ የሚወጣውን እንዴት ላንብብ?

መነሻችሁ ሁልጊዜ ሪሴት ይሁን። ዜድ80 ከሪሴት ሲነሳ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ከአድራሻ 0000 ነው የሚያነበው። ትሪገሩን፣ ማለትም አናላይዘሩ መዝገቡን የሚጀምርበትን ምልክት፣ 0000 ላይ አድርጉ፣ ሪሴቱን ተጫኑና ልቀቁ። ከዚያ የሮሙን ይዘት በወረቀት ይዛችሁ ስክሪኑን መስመር በመስመር ተከተሉ። ከወረቀቱ የተለየበት የመጀመሪያው መስመር ላይ ቁሙ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሱ ውጤት ነው።

አንድ ቦርድ ላሳያችሁ። ከአንድ አነስተኛ የፕላስቲክ ማምረቻ የመጣ የማሽን መቆጣጠሪያ ነው። ሲበራ ሁሉም መብራት ይበራና ዝም ይላል። ከእኔ በፊት ያየው ሰው ፕሮሰሰሩን ቀይሮታል፣ ሮሙን ቀይሮታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው፤ ሁለቱም ጤነኛ ነበሩ። ስክሪኑ ላይ እንዲህ ወጣ (ቁጥሮቹ በሄክሳዴሲማል፣ በ16 መሠረት ናቸው፤ ባለ ሁለት ባይት አድራሻ ሲጻፍ የታችኛው ባይት ይቀድማል)። 0000 ላይ ኤፍ3፤ ኢንተራፕት ዝጋ። ከዚያ 31 00 84፤ ስታኩ (መመለሻ አድራሻዎች የሚቀመጡበት የራም ክፍል) ከ8400 በታች ይሁን። ከዚያ ሲዲ 50 00፤ 0050 ላይ ያለውን ንዑስ ፕሮግራም ጥራ። ስትመለስ 0007 ላይ ትቀጥላለህ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ መመለሻውን ራም ላይ ሲጽፍ ይታያል፤ መጀመሪያ 00 ቀጥሎ 07። ትክክል ነው። ጥቂት መስመር ወረድ ስል ሲ9 መጣ፤ ተመለስ ማለት ነው። መመለሻውን ከራም ሲያነብ ግን 17 እና 10 አገኘ። 0007 መሆን የነበረበት 1017 ሆነ። ሮሙ 4 ኪሎባይት ስለሆነ 0ኤፍኤፍኤፍ ላይ ያልቃል፤ 1017 ላይ ምንም የለም። ፕሮሰሰሩ ባዶ ሜዳ ላይ ሮጦ ጠፋ።

አሁን አስሉት። 07 ገብቶ 17 ወጣ፣ 00 ገብቶ 10 ወጣ። ሁለቱም ላይ የጨመረው ያው ዲ4 ነው። የዳታ መስመሩ ራሱ ተጣብቆ ይሆን? አይደለም፤ ከሮም የተነበቡት 00፣ 84ና ሲዲ ዲ4ን ዜሮ አድርገው በትክክል መጥተዋል። ስለዚህ ችግሩ ራሙ ጋ ነው። ራሙ ሁለት 2114 ቺፕ ነው። እያንዳንዱ 4 ቢት ይይዛል፤ አንዱ ከዲ0 እስከ ዲ3፣ ሌላው ከዲ4 እስከ ዲ7። ሁለተኛውን አውጥቼ ሶኬት በየድኩበት፣ ሌላ 2114 አስገባሁ። ማሽኑ ተነሳ። እነዚያን ሃያ ምናምን መስመሮች አትሜ አስቀምጫቸዋለሁ። ጥፋተኛው በስሙ የተጠራበት ወረቀት ነው።

ምንም ትርጉም ያለው ነገር ካላየሁስ? ከመጀመሪያው መስመር ዝብርቅርቅ ከሆነ?

ያኔ ሮሙንም ራሙንም ከጨዋታው አስወጧቸው። ለዜድ80 00 ማለት «ምንም አትሥራ፣ ቀጥል» ነው። ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ አንሱና በመካከል ሌላ ሶኬት አስገቡ። የዚያን የ8ቱን ዳታ እግሮች ከቦርዱ ለዩና በ1 ወይም በ2.2 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ አውርዷቸው። ፕሮሰሰሩ የትም ቢያነብ 00 ያገኛል። ከ0000 ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይቆጥራል፣ ተመልሶ ይጀምራል። 4 ሜጋኸርዝ ላይ አንዱ እርምጃ 1 ማይክሮሰከንድ ነው። 65,536ቱን አድራሻ በ65.5 ሚሊሰከንድ ይዞራል። ስለዚህ ኤ15 በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ሲል ማየት አለባችሁ። ኤ14 እጥፉ፣ ኤ13 የዚያ እጥፍ። አንዱ ካልተንቀሳቀሰ ወይም ሁለቱ እኩል ከሄዱ መስመሩ ተበጥሷል ወይም ተነካክቷል።

6502 የተባለው ሌላ ፕሮሰሰር ላይ ይኸው ትዕዛዝ ኢኤ ስለሆነ ሁሉንም ወደ ግራውንድ ማውረድ አይሠራም። በሁለትዮሽ 11101010 ነው፤ አንዶቹን በሬዚስተር ወደ 5 ቮልት፣ ዜሮዎቹን ወደ ግራውንድ።

ታይሚንግ ላይ ስመለከት በየትዕዛዙ መካከል ሌላ አድራሻ ብቅ ይላል። ቦርዱ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ዜድ80 ዳይናሚክ ራምን (በየጊዜው ካልታደሰ የያዘውን የሚረሳ ሚሞሪ) ራሱ ያድሳል። እያንዳንዱን ትዕዛዝ ካመጣ በኋላ ኤ0 እስከ ኤ6 ላይ የማደሻ አድራሻ ያወጣል። ያኔ 28ኛው እግር ይወርዳል። በስቴት ሪድና ራይትን ክሎክ ካደረጋችሁ አይታይም፤ በማደስ ጊዜ ሪድ አይነሳማ። አንድ ሌላ ነገር ግን አብሮ ያመልጣችኋል። ኢንተራፕት ሲቀበል የሚጠቀመው ኤም1ንና 20ኛውን እግር እንጂ ሪድን አይደለም። ፕሮግራሙ ድንገት ወደ ሌላ ቦታ የዘለለ ከመሰላችሁ በብልሽት ከመፍረዳችሁ በፊት ይህን አስቡ።

8085 እና 8086 ላይ አድራሻውና ዳታው ለምን ተቀላቀለብኝ?

ኢንቴል እግር ለመቆጠብ አንዱን ሽቦ ለሁለት ሥራ ስላዋለው ነው። 8085 ላይ የታችኞቹ 8 የአድራሻ መስመሮች ወዲያው ተመልሰው ዳታ ይሆናሉ። መለያው 30ኛው እግር፣ ኤኤልኢ የሚባለው ነው። እሱ ሲወርድ ያለው አድራሻ ነው፤ ሪድ ሲነሳ ያለው ዳታ ነው። የድሮዎቹ አናላይዘሮች ይህን የሚለይ የክሎክ አሠራር አላቸው። በኤችፒ ሜኑ ላይ ዲመልቲፕሌክስ ይባላል።

የማይክሮፕሮሰሰር ኮርስ የወሰዳችሁ 8086ን ከመማሪያው ታውቁታላችሁ። እዚያ የተጻፈ አንድ ነገር ስክሪኑ ላይ ግራ ያጋባል። 8086 ትዕዛዞችን ቀድሞ እያመጣ 6 ባይት ድረስ ወረፋ ያስይዛል፤ 8088 ደግሞ 4። ስለዚህ የምታዩት ንባብ ሁሉ የተፈጸመ ትዕዛዝ አይደለም። ዝላይ ሲመጣ ወረፋው ይጣላል። የተጣለውን እንደ ብልሽት አትቁጠሩት። መነሻ አድራሻውም 0000 አይደለም፤ ኤፍኤፍኤፍኤፍ0 ነው።

አናላይዘሩን ስሰካ ቦርዱ ይሠራል፣ ስነቅለው ይቆማል። ምንድን ነው?

ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ፍለጋችሁን ያጠበዋል። የፕሮቡ ጫፍ ወደ 100 ኪሎኦም የሚጠጋ ሬዚስተርና ጥቂት ፒኮፋራድ ይዞ ነው የሚገባው። ማንም ያልያዘው፣ አየር ላይ የተንሳፈፈ መስመር ካለ ፕሮቡ ይይዝለታል። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። ስትነቅሉት ቦርዱ ያቆመበት ሽቦ ላይ የተበጠሰ ፑልአፕ ሬዚስተር (መስመሩን ወደ 5 ቮልት የሚይዘው) ወይም የሞተ አይሲ ፈልጉ። ሌላው ምክንያት ጉልበት ነው። መያዣው እግሩን ሲጫነው የለቀቀ ስታኞ ይነካካል። ያንን እግር በካውያ አንድ ጊዜ አሙቁትና እንደገና ሞክሩ።

የተገላቢጦሹም ይደርሳል፤ ስትሰኩት ይቆማል። ብዙውን ጊዜ የግራውንድ ጉዳይ ነው። በየኬብሉ ግራውንድ በአጭር ሽቦ አያይዙ፤ ለአምስቱም አንድ ብቻ ማድረግ አይበቃም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። የአናላይዘሩ ግራውንድ ከግድግዳው ኧርዝ ጋር የተያያዘ ነው። የቦርዱ ፓወር ሰፕላይ በትራንስፎርመር ከመብራቱ ያልተነጠለ ከሆነ የግራውንድ ሽቦውን ስትነኩ ፌዙን ከኧርዝ ጋር ልታገናኙት ትችላላችሁ። እንዲህ ዓይነቱን ቦርድ ከማሽኑ አውጥታችሁ በተነጠለ ባለ 5 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ለብቻው አስነሱት።